«ጀግና በወንጌል አይለካም» ለምትሉኝ

«አፄ ቴዎድሮስን በወንጌል መለካት ነውር ነው» ትሉኛላችሁ። ሚዛኑን እኔ አላመጣሁትም። የቋራው ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ሲነግሡ ከዳዊትም ከሰሎሞንም ከፋሲልም ስም አንዱን ማንሣት ይችሉ ነበር። ያነሡት ግን ፍካሬ ኢየሱስ ይመጣል ያለውን፣ በዘመኑ ፍትሕ ይሰፍናል፣ ሰላም ይወርዳል የተባለለትን ንጉሥ ስም ነው። ቅብዐ መንግሥቱን የቀቧቸው ደግሞ አቡነ ሰላማ ናቸው። የተስፋውን ንጉሥ ስም ተሸክሞ፣ በጳጳስ እጅ ተቀብቶ የነገሠን ሰው በሌላ በምን ልለካው? በጎራዴው ርዝመት?

«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ!» አሉኝ አንድ ጋሼ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። ጋሼ፣ ተረቱ የአደባባይ ነው። ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር ሲገባ ንጉሥም ጫማውን ያወልቃል፤ የነፍስ አባት አለው፤ ይናዘዛል፤ ቀኖና ይቀበላል። ፍትሐ ነገሥት ለንጉሥ ራሱን የቻለ አንቀጽ ያበጀለት እንዲሁ ለጌጥ አይደለም። አባቶቻችን ንጉሥን ከፈጣሪ ችሎት ነፃ አላወጡትም፤ እኛ በማን ሥልጣን ነው የምናወጣው?

«ታዲያ ምን ጎደላቸው? ከእሳቸው የበለጠ ክርስቲያን ንጉሥ ማን ነበር?» ይኸኛው ክብደት ያለው ጥያቄ ነው፤ ቁጭ ብዬ እመልሳለሁ።

መጀመሪያ የነበራቸውን ልቁጠር። ካሳ በሽፍትነቱ ዘመን በቋራ ቆላ ከተከታዮቹ ጋር አርሶ፣ ያገኘውንም ለድሃ ገበሬ አካፍሏል ተብሎ ይተረክለታል። እናቱ ወይዘሮ አትጠገብ በችግራቸው ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል እየተባለ በየግብር አዳራሹ ሲሰደብበት ኖሯል። ደጃዝማች ወንድይራድ የኮሶ ሻጭዋን ልጅ ይዞ ሊመጣ ፎክሮ ዘመተ፤ እሱው ተያዘ፤ ካሳም ኮሶ ግቶ አጠጣው ይባላል። ለስድብ ኮሶ። የድሃ እናትን የሰደበ አፍ ምሬቱን ቀመሰ፤ ነገሩም በልኩ ቆመ። ያንን ልክ ልብ በሉልኝ፤ በኋላ ዘመን የጠፋው እሱ ነውና።

ከነገሡ በኋላ የባሪያ ንግድን በአዋጅ ከለከሉ። የተገደለበት ወገን ገዳዩን ተቀብሎ እንዲገድል የሚፈቅደውን ልማድ አስቀርተው ቅጣቱን ለመንግሥት አደረጉት። ሃይማኖቱ በጸጋ፣ በቅባትና በተዋሕዶ ተከፋፍሎ ሲጨቃጨቅ፣ ገና ሳይነግሡ በ1846 ዓ.ም. በአምባ ጫራ ጉባኤ ከአቡነ ሰላማ ጎን ቆመው ተዋሕዶን አጸኑ። ሌላው መኳንንት በየደረሰበት ቁባት ሲያኖር እሳቸው ከእቴጌ ተዋበች ጋር ቆርበው በአንድ ትዳር ጸኑ። ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ መቅደላ ሲጎተት ወራት ፈጀ፤ በዚያ ገደልና ሸለቆ ንጉሡ በበቅሎ ላይ ተቀምጠው አላዘዙም፤ ከወታደሩ ጋር ድንጋይ ሲፈነቅሉ፣ መንገድ ሲጠርጉ የዓይን ምስክሮች አይተዋቸዋል። ትጋትም ትሕትናም ይኸ ነው። ከፈለጋችሁት ንጉሥ ጋር አወዳድሩልኝ፤ አላፍርባቸውም።

የጎደለቻቸው ምሕረት ናት። አንዲቷ።

«አንዲት ብቻ ከሆነችማ…» ልትሉ አፋችሁን ስትከፍቱ ይታየኛል። ዝጉት። በመጨረሻው ቀን ጌታ የሚጠይቀን የተራበ አበላችሁ ወይ፣ የተጠማ አጠጣችሁ ወይ፣ የታሰረ ጎበኛችሁ ወይ ብሎ እንደሆነ ከሕፃንነታችን ስንሰማ አድገናል። ስንት ጾምህ፣ ስንት ሚስት አገባህ ብሎ አይጀምርም። ሌላው ምግባር ሁሉ ሞልቶ ይቺ አንዲቷ ስትጠፋ ወንጌሉ በምን ዓይን እንደሚያየው አሁን አሳያችኋለሁ።

ወደ ጸሎተ ሐሙስ ልውሰዳችሁ። ሚያዝያ 2 ቀን 1860 ዓ.ም.። የዚያ ዓመት ፋሲካ ሚያዝያ 5 ዋለ፤ የአፄ ቴዎድሮስ የመጨረሻ ሳምንት ሰሙነ ሕማማት ነበር ማለት ነው። ስለ መቅደላ ስንተርክ ይህን ዘልለን ሽጉጡ ላይ እንደርሳለን። እኔ አልዘለውም። በጸሎተ ሐሙስ ካህኑ ወገቡን ታጥቆ፣ ዝቅ ብሎ የምእመናንን እግር ያጥባል። በየቤቱ ባቄላው ተከክቶ ከስንዴው ጋር ጉልባን ይቀቀላል፤ ለጎረቤትም ለነዳይም ይዳረሳል። በዚያን ዕለት ከመቅደላ አምባ ሥር፣ እስላምጌ ከሚባለው ሜዳ ላይ፣ ከእስር ቤቱ የወረዱ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሰንሰለታቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ንጉሡ እያጣሩ ማስፈታት ጀምረው ነበር። ቀኑ መሸ፤ ያልተፈቱት ተራቡ፤ ተጠሙ፤ እንጀራና ውሃ ፈልገው «አቤት! አቤት!» እያሉ ጮኹ። ንጉሥ ፊት «አቤት» ማለት ከቶ መቼ ወንጀል ሆኖ ያውቃል? ንጉሥ በዙፋን የሚቀመጠው «አቤት» ሊባል አይደለም ወይ? እሳቸው ግን ተቆጡ። ጠጥተው ነበር ይላሉ በአቅራቢያው የነበሩት። ጎራዴያቸውን መዘው በእጃቸው የደረሰባቸውን ገደሉ፤ የቀሩትን ገደል አፋፍ ድረስ እያስወሰዱ አስወረወሩ። ወድቆ የተነቃነቀው በጥይት ተመታ።

እንጀራ ነው የለመኑት። ጉልባን በሚዳረስበት ቀን።

«ይህን የጻፉት ጠላቶቻቸው ናቸው! የታሰሩ ፈረንጆች ምን ሊሉ ኖሯል?» አላችሁ። ሐኪሙ ብላንክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ራሳም ታስረው ነበር፤ ቂም ሊይዙ ይችላሉ፤ እሺ። ዋልድማየርስ? በጋፋት መድፍ ሲሠራላቸው የኖረ፣ አገሩን ለምዶ የአገሩን ልጅ ያገባ፣ ስለ ንጉሡ በፍቅር የጻፈ ሰው ነው። የሚወዳቸውም የሚጠላቸውም ሐሙስን ያውቃታል። የሟቾቹ ቁጥር ላይ ይለያያሉ፤ ነገሩ ላይ አይለያዩም። ከሞተ ሰው ይልቅ ለቁጥር የምትጨነቁ ካላችሁ ከእናንተ ጋር ሙግት የለኝም።

ያን ሌሊት ንጉሡ ብቻቸውን ሲጸልዩ፣ ሰክሬ ያደረግሁት ነው እያሉ ለፈጣሪ ሲናዘዙ ተሰሙ ተብሎም ተጽፏል። ይህንንም አምናለሁ፤ ምስክሩን ለክሱ ብቻ ተቀብዬ ለጸጸቱ ጊዜ አላባርረውም። በማግሥቱ ስቅለት፣ ምእመኑ በስግደት በሚውልበት ቀን፣ እሮጌ ላይ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ጦርነት ሆነ። ከሰዓት በኋላ በዝናብና በነጎድጓድ መካከል የወረደውን የንጉሡን ጦር ፈጣን ጠመንጃና ሮኬት ጠበቀው፤ ፊታውራሪ ገብርዬን ጨምሮ 700 ያህል ሰው አለቀ። ቅዳሜ ንጉሡ ሽጉጥ አፋቸው ውስጥ ሲያገቡ ሰዎቻቸው ደርሰው አስጣሏቸው። እሑድ፣ በትንሣኤው ቀን፣ ላጠፋቸው ጦር መፍሰኪያ ይሆነው ዘንድ 1000 ላምና 500 በግ ላኩ። ለጠላት መፍሰኪያ! እንዲህ ያለ ልብ ነው እንግዲህ ሐሙስ ማታ የራሱን ወገን እንጀራ የከለከለው። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ልባቸው ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር።

ሰኞ ሚያዝያ 6 የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ራሳቸውን ስለማጥፋታቸው የሚሟገቱትን ለብቻ ልተዋቸው፤ የዚያች ደቂቃ ዳኝነት የፈጣሪ ነው። የእኔ ጉዳይ ከሐሙሱ ጋር ነው።

«ዳዊትም እኮ በድሏል! ኦርዮን አስገድሏል!» አዎን። ግን ዳዊት ናታን ነበረው። ነቢዩ ከፊቱ ቆሞ በደሉን ሲነግረው ዳዊት አላሰረውም፤ ከዙፋኑ ወርዶ አፈር ላይ ተኛ። የአፄ ቴዎድሮስ ናታን መሆን የሚገባቸው አቡነ ሰላማ ነበሩ። አቡኑስ የት ነበሩ? መቅደላ፣ በእስር። ቀብተው ያነገሧቸው ጳጳስ እዚያው እስር ላይ እያሉ በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ አረፉ። ናታኑን አስሮ ዳዊት ነኝ ማለት አይቻልም።

ለካህናቱም አላዳላም። ንጉሡና ቤተ ክህነቱ የተቆራረጡት በምን ነበር? በመሬት። ንጉሡ ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃሉ፣ ለእነሱ የሚሆን መሬት ቀርቶ የተረፈው ለጦሩ ይሁን አሉ፤ ያኔ ቅጽሩ ሁሉ ተነሣ። ናታን ዳዊት ፊት የቆመው ስለ ኦርዮ ነፍስ ነው፤ ስለ ቤተ መቅደስ ርስት አይደለም። ንጉሥን የሚገሥጽ ካህን ሁሉ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሚያስጮኸው የሰው ነፍስ ይሁን የራሱ ጎተራ ይመርምር። የአቡኑ መታሰር ግፍ ነው፤ የካህናቱ ዝምታና ጩኸት ያለቦታው መዋሉም ግፍ ነው። አንዱ ግፍ ሌላውን አያጥብም።

«ዘመኑ ነው! ያኔ ሁሉም እጅና እግር ይቆርጥ ነበር።» እንደምትሉት ሁሉም ይቆርጥ ነበር እንበል። የትግሬው አገው ንጉሤም ተይዞ እጅና እግሩ ተቆርጦ ሞተ። ግን ያኔ ሁሉም ባሪያ ይሸጥም ነበር፤ መኳንንቱ ሁሉ ቁባት ያኖርም ነበር። አፄ ቴዎድሮስ እነዚህን ሲተዉ «ዘመናቸውን የቀደሙ ንጉሥ» ብለን እናጨበጭባለን። በትዳርና በባሪያ ዘመኑን የቀደመ ሰው በቅጣት ላይ ሲደርስ ዘመኑ ያዘው ወይ? ወይ በሁለቱም ይቅደም፣ ወይ በሁለቱም የዘመኑ ልጅ በሉት። ሙገሳውን ለእሳቸው፣ ጥፋቱን ለዘመኑ ማካፈል የዳኛ ሥራ አይደለም።

ደግሞም በዚያው ዘመን ወርቂት ነበሩ። ምኒልክን አፄ ቴዎድሮስ እንደ ልጅ አሳድገዋቸዋል፤ ልጃቸውን አልጣሽን ድረውላቸዋል፤ ይህም አንዱ መልካም ሥራቸው ነው። በ1857 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ወሎዋ ገዥ ወደ ወይዘሮ ወርቂት አገር ገቡ። የወርቂት ልጅ ደግሞ በንጉሡ እጅ፣ መቅደላ ላይ ታግቶ ነበር። ያመለጡት ምኒልክ፤ ገደል የተወረወረው ያላመለጠው የወርቂት ልጅ ከሌሎቹ የወሎ ታጋቾች ጋር። ወርቂት የልጃቸው ደም እንደፈሰሰ እያወቁ እንግዳቸውን አሳልፈው አልሰጡም፤ ወደ ሸዋ ሸኟቸው።

ይህን በአንድ የጽዋ ማኅበር ላይ ሳነሣ አንዱ ጎልማሳ «ወርቂትማ እስላም ናቸው፤ ክርስቲያናዊ ምግባር ከየት መጥቶ?» አለ። ዳቦውን የሚቆርሱት እማማ ቢላዋውን ሳያስቀምጡ፣ «ማኅፀን እስላምና ክርስቲያን የለውም፤ ልጇ የተገደለባት ሴት እንግዳዋን ካዳነች፣ አንተ ገና ወንጌሉን አልጀመርከውም» አሉት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስለ ወርቂት የተናገረ የለም። እኔም ከእማማ ንግግር ላይ የምጨምረው የለኝም።

«ያን ሁሉ ያደረጉት ለአገር አንድነት ነው። አገር በምሕረት አይሠራም።» ይኸ ነው እንግዲህ ዋናው፤ ሁሉም ዞሮ ዞሮ እዚህ ይቆማል። ተዉት ወንጌሉን፤ በእናንተው በአንድነት ሚዛን እንየው። የእንግሊዙ ጦር አዛዥ ናፒየር 13 ሺህ ያህል ጦር ይዞ ከዙላ ተነሣ፤ ቆላውን ወጣ፤ ደጋውን አቋረጠ፤ እሮጌ እስኪደርስ ድረስ መንገድ የዘጋበት አንድ የአገር ጦር አልነበረም። በትግራይ ካሳ ምርጫ ስንቅ አቀረቡለት። ዋግሹም ጎበዜ መንገድ ለቀቁለት። ሸዋ ለንጉሡ ሊደርስ አልመጣም። ጎበዜ ለምን ይድረሱ? አባታቸውን ዋግሹም ገብረ መድኅንን የገደሏቸው እሳቸው ናቸው። ጎንደር ለምን ትድረስ? በ1859 ዓ.ም. የተቃጠለችው በእሳቸው እጅ ነው፤ የአብያተ ክርስቲያናቷ መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ተጭኖ መቅደላ ወጥቷል። ምሕረት ያጣ ሁሉ ሸሸ፤ ለተከበበው አምባም የሚደርስ ጠፋ። አገሩን አንድ ሊያደርጉ የተነሡት ንጉሥ በመጨረሻዋ ሳምንት የቀራቸው አገር አንድ አምባ ነበር። ምሕረት አገር ታፈርሳለች የምትሉ፣ ምሕረት የጠፋባት አገር የት እንደደረሰች ከመቅደላ አፋፍ ላይ ቁሙና ተመልከቱ።

«ስለ እንግሊዝ ለምን ትንፍሽ አትልም?» እላለሁ፤ እንዲያውም ጮኬ። በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም፤ በዚሁ ቁና እንግሊዝም ትሰፈር። እነሱም ክርስቲያን ነን አሉ፤ የመጡትም የታሰሩ ክርስቲያኖችን ልናድን ነው ብለው ነው። የታሰሩት ከተለቀቁ በኋላ፣ በትንሣኤው ሰሞን፣ መቅደላን ዘረፉ፤ መድኃኔ ዓለምን ጭምር አቃጠሉ፤ ጽላት፣ ጽዋ፣ የብራና መጽሐፍ በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ ለሁለት ቀን በጨረታ ቸበቸቡት። ከጎንደር የተወሰደውም ከጎንደር ባለቤቶች ርቆ ለንደን ገባ፤ 350 ያህሉ ብራና ዛሬም እዚያው ነው። ጽላቶቻችን በብሪቲሽ ሙዚየም መጋዘን ተዘግቶባቸው አሉ። ሙዚየሙ ማንም እንዳያያቸው ጠብቄያቸዋለሁ ይላል። ጽላት የሚጠበቀው በመንበሩ ላይ ነው። የእንግሊዝ ጥፋት ግን ለእስላምጌ ሙታን ካሣ አይሆንም። ከገደሉ የተወረወረው እስረኛ በናፒየር ስም አይነሣም።

«እንግዲያው አረመኔ ናቸው በልና ይለይልህ!» የሚሉኝ ደግሞ ከወዲያ ማዶ ተነሡ። እናንተም ተቀመጡ። አረመኔ ቢሆኑ ኖሮ በእጃቸው የነበሩትን ፈረንጆች ከእሮጌ በኋላ በሕይወት ባልሰደዱ ነበር፤ ያን ሁሉ ሰው አጥተው፣ ልባቸው ቆስሎ፣ አንድ ፀጉራቸውን ሳይነኩ ለቀቋቸው። አረመኔ ቢሆኑ በመጨረሻዋ ጠዋት የቀሯቸውን ሰዎች ራሳችሁን አድኑ ብለው ባላሰናበቷቸው። ሰውን በአንድ ቃል ጨፍልቆ መጣል የሰነፍ ዳኝነት ነው። ከእቴጌ ተዋበች ሞት በኋላ ሰውየው መለወጣቸውን የዘመኑ ሰዎች ተናግረዋል፤ በ1850 ዓ.ም. አጠገባቸው ቆማ የምታበርዳቸው ሴት ሄደች። ያ ትዳር ግን በራሱ ንጉሡን እንዳላዳነ እናስተውል። ንጽሕናቸው የገዛ ቤታቸውን ጠበቀ፤ የእስላምጌን ሜዳ አልጠበቀም።

ይህን ሁሉ ያስነሣኝ የሞተ ንጉሥ ብቻ አይደለም። የእኛው የአለካክ ልማድ ነው። መሪ በጥምቀት ከታቦቱ ኋላ ነጠላ አጣፍቶ ሲሄድ ካየን «ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው» እንላለን። ወይ መድረክ ላይ ቆሞ ጥቅስ ጠቅሶ ከጸለየ «በመንፈስ የሚመራ» እንላለን። ሚስቱን ካከበረ፣ ካልጠጣ፣ ካልሰረቀ ሚዛናችን እዚያው ይቆማል። ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸ፣ ገዳም የረዳ እንደሆነማ አለቀ፤ ከእንግዲህ ጥያቄ የሚያነሣውን ሰው እንነሣበታለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ማንም አይጠላውም። ግን ጌታ የጠየቀውን ማን ጠየቀ? ይህ መሪ ያሰረው ሰው ዛሬ በልቷል ወይ? ዘመዱ ያውቃል ወይ የት እንዳለ? የመሪውን አምልኮ የጋዜጣ ፎቶ ይነግረናል፤ ክርስትናውን የሚነግረን ግን ያሰረው ሰው ነው። እስረኛን ሳይጠይቁ የመሪ ምግባር መስካሪ የሆኑ ሰባኪዎችና መምህራን ሁሉ ምስክርነታቸው በስማ በለው ነው።

«መሪ እኮ ቄስ አይደለም፤ አገር ማስተዳደር ሌላ፣ መቀደስ ሌላ» ይሉኛል። እውነት ነው፤ ቅዳሴ አልጠየቅሁትም። የጠየቅሁት በእጁ ላይ ለወደቀ ሰው እንጀራና ውሃ ነው። ይህን ለመስጠት ክህነት አያስፈልግም።

«ቢሆንም የጀግናውን ክብር ታሳንሳለህ። ልጆች ምን ይማራሉ?» ልጆች ሁለቱንም ይማሩ። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የሴባስቶፖልን አምሳል ሲያዩ ንጉሡ በእጃቸው ድንጋይ እንደፈነቀሉ ንገሯቸው፤ ያው ክንድ ሐሙስ ማታ ምን እንደሠራም ንገሯቸው። ልጅ እውነት አይከብደውም፤ የሚከብደው ያደገበት ተረት አንድ ቀን ሲፈርስበት ነው። ንጉሡ ራሳቸው ያን ሌሊት ጥፋታቸውን በፈጣሪ ፊት ካልሸሸጉ፣ እኛ ደርሰን የምንሸሽግላቸው ከማን ነው?

በየዓመቱ ሚያዝያ 6 የምትዘክሩ ሁሉ ዝክራችሁን ከሚያዝያ 2 ጀምሩት። «የእነዚያን እስረኞች ስም አናውቅም» ብትሉኝ፣ ስማቸውን የሚያውቅ አለ። በመጪው ጸሎተ ሐሙስ ጉልባኑ ሲበስል አንድ ሳህን ሙሉ አውጡና በአቅራቢያችሁ ወዳለው እስር ቤት ይዛችሁ ሂዱ። «ዘበኛው አያስገባንም» የምትሉ ከሆነ ሂዱና ሞክሩት፤ ምን እንዳላችሁ ተመልሳችሁ ንገሩኝ፤ ስለ ዛሬዎቹ መሪዎች ክርስትና የምንነጋገረው ያኔ ነው።